ጠርዙን መቀባት እሸጋ አይደለም

በባለ ሸራ ጀልባ የላይኛው ወለል ላይ የሚገጠሙ የእንጨት ዕቃዎችን እንዴት እንደገና ማሸግ እንደሚገባ የሚመክር አንድ ጽሑፍ በቅርቡ አነበብኩ። ጸሐፊው የተነሱበት ሐሳብ ትክክል ነው፤ በወለል ላይ የተበሳ ቀዳዳ ሁሉ ውሎ አድሮ ውሃ ያስገባልና ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። በዚህ ከእርሳቸው ጋር ነኝ። የማልስማማው ከዚያ በኋላ በዘረዘሯቸው ምክሮች ነው። አብዛኞቹ ከአንድ ግምት የሚመነጩ ናቸው፤ ማሸጊያው በጠነከረና በበዛ ቁጥር ሥራው የተሻለ ይሆናል ከሚል። በእኔ እምነት ዋናው ሥራ የሚሠራው የማሸጊያው ቱቦ ከመከፈቱ በፊት፣ በቀዳዳው ላይ ነው። ደግሞም ዛሬ የገጠምነውን ዕቃ አንድ ቀን መንቀላችን አይቀርም፤ ይህን ሳያስቡ ማሸግ ቀጣዩን ጥገና ማበላሸት ነው። ጽሑፉን ያላነበበ ሰው እንዳይቸገር እያንዳንዱን ነጥብ ባጭሩ እየጠቀስኩ እመልሳለሁ።

የመጀመሪያው ምክር፣ የእጅ መያዣ ወይም የገመድ ማሰሪያ የሚቀመጥበት የእንጨት መደብ ሥር ውሃ ሲያሳልፍ ዕቃውን መንቀል አያሻም የሚል ነው። ዙሪያውን አጽድቶ በጠርዙ ላይ ሲሊኮን ማስኬድ ይበቃል ተብሏል። ይህ ለብረት ዕቃ እንኳ ከጊዜያዊ ማስታገሻ አያልፍም። ለእንጨት ግን ከነአካቴው የተሳሳተ ነው፤ እንጨት ራሱ የውሃ መንገድ ነውና። ውሃ የቡሎኑን ራስ በሚሸፍነው የእንጨት ውታፍ ዙሪያ ይገባል፤ ፀሐይ በከፈተችው ስንጥቅ ይገባል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንጨቱ በተቆረጠበት ጫፍ በኩል ይመጠጣል። ስለዚህ ጠርዙን ስንደፍን የዘጋነው መግቢያውን ሳይሆን መውጫውን ነው። ቀድሞ በጠርዙ በኩል ሾልኮ ይተን የነበረው እርጥበት አሁን ከእንጨቱ ሥር ተኝቶ የቡሎኑን ቀዳዳ ይፈልጋል። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው።

ቀዳዳውን ካገኘ በኋላ የሚሆነውን ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈውታል። እኔ ግን ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የአብዛኞቹ የፋይበርግላስ ጀልባዎች ወለል አንድ ወጥ አይደለም። ላይና ታች ሁለት ስስ የፋይበርግላስ ሽፋኖች አሉ፤ በመካከላቸው ባልሳ የተባለው ቀላል እንጨት፣ ኮምፔንሳቶ ወይም አረፋ መሰል ፕላስቲክ ይገባል። ወለሉ ሳይከብድ የሚጠነክረው በዚህ አሠራር ነው። ትራፓኖ ይዘን ይህን ወለል ስንበሳ የቀዳዳው ግድግዳ ላይ የመሐሉ እንጨት ራቁቱን ይቀራል። ከዚያ በኋላ በውሃውና በዚያ እንጨት መካከል የሚቆመው ማሸጊያው ብቻ ነው። ማሸጊያው በአንድ በኩል እንደለቀቀ እንጨቱ መጠጣት ይጀምራል። ኮምፔንሳቶ በጭረቱ፣ ማለትም በእንጨቱ ክሮች አቅጣጫ ውሃውን ወደ ጎን ርቆ ይወስደዋል። ባልሳ ጭረቱ ሽቅብ እንዲቆም ተደርጎ ስለሚገባ ውሃው ወደ ጎን የሚሄደው በዝግታ ነው፤ ሆኖም በቁርጥራጮቹ መካከል ያሉትን ክፍተቶች ተከትሎ መስፋፋቱ አይቀርም። ውሎ አድሮ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ሽፋኖቹ ከመሐሉ ይላቀቃሉ፣ ወለሉም ሲረገጥ ይለምጣል። ጆሮ ያለው ሰው በፕላስቲክ መዶሻ ቢያንኳኳ ጥርት ያለው ድምፅ የታፈነ የሚሆንበትን ድንበር ያገኘዋል።

ዙሪያው በነጭ ሲሊኮን ተስተካክሎ የተደፈነ፣ ላዩን ሲያዩት የሚያምር፣ ቲክ ከተባለው ቅባታም እንጨት የተሠራ የእጅ መያዣ ነቅዬ አውቃለሁ። ቡሎኑ ሲወጣ ራሱ ያበራ ነበር፤ ዳዶው የተያዘበት የታችኛው ጫፍም እንዲሁ። መካከሉ ግን፣ ማለትም በመሐሉ እንጨት ውስጥ ተደብቆ የኖረው ክፍል፣ ቡናማ ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኖ ግማሽ ውፍረቱን አጥቷል። ቀዳዳውን ጫፉ በታጠፈ ሚስማር ስጭረው የወጣው ኮምጣጣ ሽታ ያለው ጥቁር ጭቃ እንጂ የእንጨት ብናኝ አልነበረም። ውስጡን ለቄስ የሚባለው ለእንደዚህ ያለው ዕቃ ነው። በማዕበል ቀን የሰው ሙሉ ክብደት የሚያርፈው በዚያ ቡሎን ላይ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

መፍትሔው አሰልቺ ቢሆንም የታወቀ ነው። ዕቃው ይነቀላል። 6 ሚሊ ሜትር ቡሎን የሚገባበትን ቀዳዳ የታችኛውን ሽፋን ሳንነካ የላይኛውንና የመሐሉን ብቻ ወደ 12 ሚሊ ሜትር እናሰፋዋለን፤ ወይም የታጠፈ ሚስማር በትራፓኖ ላይ ገጥመን በሽፋኖቹ መካከል ያለውን እንጨት ዙሪያውን እንፈለፍላለን። እርጥብ ከሆነ እስኪደርቅ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ኢፖክሲ፣ ማለትም ተቀላቅሎ የሚጠነክረው ሙጫ፣ እርጥብ እንጨት ላይ አይዝም። ብስባሹ ከቀዳዳው ርቆ ከሄደ ግን በፍልፈላ አይዳንም፤ ሽፋኑ ተቆርጦ መሐሉ መተካት አለበት። ጤነኛ እንጨት ላይ ከደረስን የታችኛውን ቀዳዳ በፕላስተር ዘግተን መጀመሪያ ቀጭን ኢፖክሲ እናጠጣዋለን፤ ቀጥሎም የሲሊካ ዱቄት ገብቶበት የወፈረውን እንሞላለን። ከደረቀ በኋላ በሞላነው መካከል እንደገና በ6 ሚሊ ሜትር ፑንታ እንበሳለን። አሁን ቡሎኑ የሚያልፈው በኢፖክሲ ቧንቧ ውስጥ ነው። ማሸጊያው አንድ ቀን ቢከዳን እንኳ ውሃው ከታች ወዳለው ክፍል ይንጠባጠባል እንጂ የወለሉን መሐል አያገኘውም። ጣልቃ የገባው ኢፖክሲ ሌላም ጥቅም አለው፤ ዳዶው ሲጠብቅ ለስላሳው ባልሳ እንዳይጨፈለቅ ጭነቱን ይሸከማል።

ስለ ሲሊኮን አንድ ነገር ጨምሬ ልለፈው። ጉዳቱ በማሸግ ድክመቱ ብቻ አይደለም፤ የማይታይ ቅሪት ትቶ ይሄዳል። በዚያ ቅሪት ላይ ቀለምም፣ ቫርኒሽም፣ ሌላ ማሸጊያም በደንብ አይዝም። አሴቶን ነክሮ መጥረግ ብዙ ጊዜ ቅሪቱን ከማስወገድ ይልቅ ያሰፋዋል። መጀመሪያ በምላጭ መፋቅ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ያስፈልጋል፤ ከእንጨት ጭረት ውስጥ ደግሞ ጨርሶ ማውጣት እጅግ ከባድ ነው። ዛሬ በአሥር ደቂቃ የተቀባው ነገር ለሚቀጥለው ጠጋኝ ምን ዓይነት ዕዳ እንደሆነ እዚህ ላይ ይታያል።

ሁለተኛው ምክር ደግሞ ወደ ተቃራኒው ጽንፍ ይሄዳል። ዕቃው ከተነቀለ አይቀር በገበያ ላይ ባለው እጅግ ጠንካራ የፖሊዩሬቴን ማጣበቂያ ይገጠም፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይነቅለውም ይላሉ። ችግሩም ይኸው ነው፤ ማንም አይነቅለውም። እንደ 3ኤም ኩባንያ 5200 ያሉት ማጣበቂያዎች የተሠሩት እስከ መጨረሻው ተጣብቆ እንዲኖር ለሚፈለግ መጋጠሚያ ነው፤ ለምሳሌ የጀልባው አካልና ወለሉ ለሚገናኙበት። እዚያ ላይ ጥሩ ናቸው። የቲክ መደብ ሥር ከገቡ ግን ቡሎኑ በተበላ ወይም እንጨቱ በተሰነጠቀ ጊዜ ዕቃው የሚነሳው ተሰባብሮ ነው፤ አንዳንዴ የፋይበርግላሱን የላይ ቅብ ገሽልጦ ይዞት ይነሳል። በሙቀት ማራገቢያ ማለስለስና በቀጭን ሽቦ መሰንጠቅ ይቻላል፤ ነገር ግን ሥራው አድካሚ ነው፣ ሙቀቱም የራሱን ጉዳት ያደርሳል።

በወለል ላይ ያለ ዕቃ በቦታው የሚጸናው በቡሎኑ ነው። ከማሸጊያው የምንፈልገው ውሃ እንዳያልፍ ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ ጉልበቱ መካከለኛ የሆነ ነገር ያደርገዋል። ለቲክ የፖሊሰልፋይድ ማሸጊያ ለረጅም ዘመን የተመሰከረለት ነው፤ ከእንጨቱ ጋር አብሮ ይለጠጣል፣ የቲክን ቅባትም ከብዙዎቹ በተሻለ ይታገሣል። ሆኖም አክሪሊክና ፖሊካርቦኔት የተባሉትን ፕላስቲኮች ስለሚጎዳ ከእነርሱ ለተሠራ መስኮት አይሆንም፤ ቶሎም አይደርቅም። ሌላው ቡቲል ነው። በጥቅልል የሚመጣ፣ እንደ ሊጥ የሚለጠጥ፣ ፈጽሞ የማይደርቅ ነገር ነው። እኔ ከውሃ መስመር በላይ ላለ ብዙ ሥራ እርሱን እመርጣለሁ፤ ነዳጅ ወይም ቲነር የሚነካው ቦታ ላይ ግን አላስገባውም፣ ያሟሟዋል። ፖሊዩሬቴን ካልሆነ አይሆንም የሚል ሰው ቢያንስ ጉልበቱ አነስ ያለውን፣ ለምሳሌ የዚያኑ ኩባንያ 4200 ይውሰድ።

ሦስተኛው ነጥብ ስለ ማጥበቅ ነው። ማሸጊያው በዙሪያው ሁሉ ተጨምቆ እስኪወጣ ድረስ በአንድ ጊዜ በሙሉ ኃይል ይጥበቅ፤ የሚወጣው በበዛ ቁጥር ማሸጉ አስተማማኝ ነው ተብሏል። የወጣው ማሸጊያ ማለት በሥራ ላይ የሌለ ማሸጊያ ነው። ሥር የቀረው ከወረቀት ያልወፈረ ስስ ሽፋን ከሆነ ምን እንደሚገጥመው በቁጥር እንየው። ቲክ ከርጥብ ወደ ፍጹም ደረቅ ሲሄድ በጭረቱ ቁመት የሚለወጠው ኢምንት ነው፤ በስፋቱ ግን እንደ አቆራረጡ ከ2.5 እስከ 5.8 በመቶ ይሸበሸባል። ጀልባ ላይ ያለ እንጨት ያን ያህል አይደርቅም። ቢሆንም ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ መደብ በዝናብና በፀሐይ መካከል የእርጥበት መጠኑ በ6 በመቶ ያህል ቢለዋወጥ ስፋቱ በ1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል ወይም ይጠባል። ከመሐል ወደ ሁለቱም ጠርዝ ስናካፍለው በእያንዳንዱ በኩል ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር የሚወፍር ተለጣፊ ማሸጊያ ይህን እንቅስቃሴ ሳይሰማው ይሸከመዋል። አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር የሆነው ግን ወይ ይቀደዳል፣ ወይ ከአንዱ ፊት ይላቀቃል። ቲክ ከብዙ እንጨቶች አንጻር ትንሽ ተለዋዋጭ ነው የሚባለው እንግዲህ ይህ ሆኖ ነው።

ስለዚህ የሚደርቅ ማሸጊያ ከሆነ በዙሪያው ቀጭን መስመር እስኪታይ ድረስ በመጠኑ ይጠብቅና ይቆማል። ደርቆ ጓርኒሲዮን ከሆነ በኋላ የቡሎኑ ራስ ከላይ በካቻቪቴ ተይዞ ዳዶው ብቻ ከታች ይጠብቃል። ቡሎኑ ራሱ ከዞረ በዙሪያው የደረቀውን ማሸጊያ ይቀደዋል፤ ብዙ የደከሙበት ሥራ የሚበላሸው በዚህች ሩብ ዙር ነው። ቡቲል ከሆነ ደግሞ ቀስ በቀስ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተባለ ይጠብቃል፤ ለመፍሰስ ጊዜ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው በከፊል ልክ መሆናቸውን ማመን ይገባኛል። ትልቅ ኃይል የሚስብ ዕቃ፣ ማለትም የዋና ገመድ ማሰሪያ ወይም የዊንች (የገመድ መጎተቻ) መደብ፣ በወፍራም ላስቲክ ላይ እንዲንሳፈፍ መተው አይቻልም፤ ወለሉ ላይ ጠንክሮ መቀመጥ አለበት። ሁለቱን የሚያስታርቀው በጽሑፉ ውስጥ ያልተነሳ ትንሽ ዘዴ ነው። የቀዳዳው የላይኛው አፍ በሰፊ ፑንታ ትንሽ ተፍቆ ከላይ ሰፊ፣ ወደ ታች ጠባብ ይደረጋል። ዕቃው ሲጠብቅ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ተጨምቆ ቢወጣም በዚያ ሰርጎድ ውስጥ የቀረው ቡሎኑን እንደ ቀለበት ይከበዋል። ማጥበቁ ምንም ቢጠነክር ያ ቀለበት ከቦታው አይወጣም። ከታች ደግሞ ሰፊ የአሉሚኒየም ወይም የፋይበርግላስ ሳህን ከሮንዴላው ሥር ይግባ፤ ኮምፔንሳቶ አልመክርም፣ ይጨፈለቃልና፤ ከረጠበም ይበሰብሳል።

አራተኛው ምክር በጽሑፉ ውስጥ ካሉት ሁሉ አደገኛው ይመስለኛል። ለድርብ ጥበቃ ሲባል ዳዶውና ሮንዴላው ከታችም በማሸጊያ ይደፈኑ ይላል። ከላይ የገባው ውሃ ታች መውጫ ሲያጣ ወዴት ይሄዳል? በቀዳዳው ውስጥ ይቆማል። የማይዝግ ብረት የማይዝገው ላዩ ላይ ባለው እጅግ ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ነው፤ ያ ሽፋን ሲጫር ራሱን የሚጠግነው ደግሞ ኦክስጅን ሲያገኝ ነው። አየር በሌለበት ጠባብ ቦታ ጨዋማ ውሃ ሲተኛበት ጥገናው ይቆማል፤ ብረቱም ከውስጥ ይበላል። ከላይ የገለጽኩት ቡሎን የሞተው እንዲህ ነው። 316 የሚባለው የማይዝግ ብረት ዓይነት 304 ከሚባለው የተሻለ ቢቋቋምም ከዚህ ነፃ አይደለም። የታችኛው በኩል ክፍትና ደረቅ ይሁን። ጠብታ ከታየ መልእክተኛ ነው፤ አፉን መያዝ አይገባም።

አምስተኛ፣ ቲክ የራሱ ቅባት ስላለው ምንም ዝግጅት አይፈልግም፤ እንዲያውም ከመገጠሙ በፊት ዘይት ቢጠጣ ይመረጣል ተብሏል። ውሃን የሚያባርረው ያ ቅባት ማሸጊያውንም ያባርራል። የሚገጠመው ፊት በንጹሕ ጨርቅና በአሴቶን ይጠረጋል፤ ቅባቱ ከውስጥ ተመልሶ ስለሚወጣ ብዙ ሳይቆይ ይታሸጋል። ዘይቱ በኋላ፣ ማሸጊያው ከደረቀ በኋላ ይምጣ። ቫርኒሽ የሚቀባ ዕቃ ከሆነም ብዙ ሰው የሚረሳው የታችኛው ፊት፣ የቡሎኑ ቀዳዳ ውስጥና የተቆረጠው ጫፍ አስቀድመው ይቀቡ። ላዩ ተቀብቶ ሥሩ ራቁቱን የቀረ እንጨት በአንድ በኩል ብቻ እርጥበት ስለሚወስድ ይጎብጣል፤ ሲጎብጥም ጠርዙን ከማሸጊያው ላይ ያነሳዋል።

ስድስተኛው ነጥብ፣ እንጨትን የሚያበሰብሰው የባሕር ጨው ስለሆነ በንጹሕ ውሃ ላይ ያለ ጀልባ እምብዛም አያሳስብም የሚል ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እንጨት የሚያበሰብሱት ፈንገሶች ናቸው፤ የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ከሆነ አያድጉም፣ ጨውም ያዳክማቸዋል እንጂ አይመግባቸውም። በጥንት ዘመን የእንጨት መርከብ የሚሠሩ ሰዎች በጎድን እንጨቶቹ መካከል ጨው ይሞሉ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጨው የሚጎዳው ብረቱን ነው። ለእንጨቱና ለወለሉ መሐል ትልቁ ጠላት ዝናብ ነው።

ሰባተኛ፣ ጠብታው ከታየበት በላይ ያለው ዕቃ ነው የሚያፈሰው ይላሉ። አንዳንዴ ልክ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ውሃው በጣሪያው ልባስ ላይ ተንሸራትቶ ከገባበት ርቆ ይወርዳል። ስለዚህ ግምት ከመያዝ መፈተሽ ይሻላል። መስኮቶቹና የአየር መግቢያዎቹ በፕላስተር ከተዘጉ በኋላ በአነስተኛ ማራገቢያ አየር ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ወለሉ ላይ ደግሞ የሳሙና ውሃ ይረጫል። የሚያፈሰው ቦታ ራሱ አረፋ እየሠራ ይናገራል። የጎማ መንፊያ ኮምፕረሰር ግን አይሞከር፤ መስኮት ሊገነጥል ይችላል።

ቡሎኑን የሚሸፍኑትን የእንጨት ውታፎች በኢፖክሲ ማጣበቅም አይገባም። በቫርኒሽ ብቻ ይያዙ፣ ጭረታቸውም ከዋናው እንጨት ጭረት ጋር ይግጠም። ያን ጊዜ ማውጣት ሲያስፈልግ መሐላቸው ይበሳና የእንጨት ቪቴ ተጠምዝዞ ይገባበታል፤ ጫፉ ከሥር ያለውን የቡሎን ራስ ሲነካ ውታፉ ራሱ ተገፍቶ ይወጣል። በኢፖክሲ የተያዘውን ግን በመሮ ፈልፍሎ ማውጣት ግድ ነው፤ የቀዳዳው ጠርዝም አብሮ ይሰበራል።

በመጨረሻም ዕቃዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነቅለው ሥራው በአንድ ቅዳሜና እሁድ ይለቅ የሚለውን አልቀበልም። ኢፖክሲው ለመድረቅ አንድ ሌሊት ይፈልጋል፣ ማሸጊያው ቀናት ይፈልጋል፣ የረጠበ መሐል ደግሞ ሳምንታት ሊፈልግ ይችላል። ሃያ ክፍት ቀዳዳ ባለው ወለል ላይ ዝናብ ቢመጣ የጠገንነው ሳይሆን ያጠፋነው ይበልጣል። አንድ ወይም ሁለት ዕቃ ተነቅሎ፣ ተጠግኖ፣ ተመልሶ ከገባ በኋላ ወደሚቀጥለው ማለፍ ይሻላል። ቅድሚያ የሚሰጠው የምሰሶው ገመዶች የሚታሰሩባቸው ብረቶች ወለሉን የሚያልፉበት ቦታ ነው፤ ቀጥሎ የመከላከያ ገመድ ምሰሶዎች፣ ሰው ሲደገፍባቸው እንደ ማንሻ ሆነው ማሸጊያቸውን ዘወትር ያላቅቃሉና፤ ከዚያ የእጅ መያዣዎቹ። እስከዚያ ተራ የሚጠብቀው ቀዳዳ ቡሎኑ ሥር በተጠቀለለ ቡቲል ተዘግቶ ሊቆይ ይችላል፤ ጊዜው ሲደርስም ያለ ምላጭና ያለ እሳት በጣት ተልጦ ይነሳል።